ቡናው ሲጣፍጠኝ እሸማቀቃለሁ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባለቤቴ እንግዶችን በጀልባ ወደ ገዳማቱ እያደረሰ ነበር የሚያስተዳድረን። እንግዳው ከቀረ ወዲህ ጀልባዋ ዳር ላይ ታስራ ቆማለች። የቤት ኪራይ ተጠራቅሟል፤ የልጆች ወጪም አለ። እንዲህም ሆኖ ጠዋት ከኪዳን ጸሎት ስመለስ ሐይቁን ሳይ ልቤ ቀለል ይለዋል። ቡናዬም ይጣፍጠኛል። ወዲያው ግን እሸማቀቃለሁ። ባሌ አንገቱን ደፍቶ እኔ በምን አንጀቴ ደስ ይለኛል? ጎረቤቴም «ይህ የሥጋ ደስታ ነው፤ በመከራ ጊዜ መጾምና ማልቀስ ነው የሚገባው» አለችኝ። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይሆንብሽም።

በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ነቢዩ ኤልያስን እናገኘዋለን። ኤልዛቤል ልትገድለው ዝታ ሸሽቷል። ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል» አለ፤ ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር መልአክ ላከለት። መልአኩ ምን አመጣለት? ተግሣጽ አላመጣለትም። እንጎቻ እና በማሰሮ ውኃ ነው ያመጣለት። «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም አልተቆጣውም፤ ሁለተኛ መጥቶ ቀሰቀሰውና አበላው። ኮሬብ ድረስ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት የሄደው በዚያ ምግብ ኃይል ነው። ያንቺ ሲኒ ከዚያ ማሰሮ በምን ይለያል?

ዮሐንስ 21ን ደግሞ ለሐይቅ ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሌሊቱን መረብ ጥሎ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ምን እንደሚመስል እናውቃለን። እነ ጴጥሮስም እንደዚያ ሆነው ነጋባቸው። ጌታ ከትንሣኤው በኋላ ዳር ላይ ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ጴጥሮስን «ትወደኛለህን?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ኑ፥ ምሳ ብሉ» አላቸው። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ዛሬ አንከፍተውም።)

የጎረቤትሽን ነገር ደግሞ በግማሹ እቀበላለሁ። ጾም ይገባል፤ እንባም ይገባል። ግን ስንጾም ምግቡን ለጊዜው እንተወዋለን እንጂ ክፉ ነው ብለን አንጠላውም። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም ነው» ብሎ ጽፏል፤ ከምስጋና ጋር ለሚቀበለው ማለቱ ነው። ደግሞስ ማዶ ያለውን ዘጌን ተመልከቺ። ምድሩ በበሬ አይታረስም። ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው የአቡነ በትረ ማርያም በረከት ነው እየተባለ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቷል። ቡናን ከጻድቅ በረከት በሚቆጥር አገር ተቀምጠሽ አቦሉ ጣፈጠኝ ብለሽ አትፈሪ።

እኔም የቆሎ ተማሪ ሳለሁ የደረሰብኝ አለ። ሐምሌ ነበር። ደበሎዬ በስብሶ፣ ውሻ እያባረረኝ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል ድምፄ አልወጣም። አንዲት እናት ትኩስ የተቀቀለ ድንች አኮፋዳዬ ውስጥ ጨመሩልኝ። ለመብላት አልቸኮልኩም፤ በሁለት እጄ ይዤው ሞቅሁ። ዝናቡ አላባራም፤ ውሻውም አልሄደም። ያን ሙቀት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለ አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። ደስታው ምስጋና መሆኑ ቀርቶ መደበቂያ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሐይቁን አይተሽ ስትመለሺ የባልሽን ፊት ለማየት አቅም ካገኘሽ ስጦታ ነው። እሱን ላለማየት ከሆነ የምትሄጂው ግን ቆም ብለሽ አስቢ። ደግሞ «ተመስገን በል እንጂ!» እያልሽ አፉን አትዝጊበት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን አብረውት ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ያኔ መልካም አደረጉ። ነገር የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ አልቅሷል። እንባና ምስጋና በአንድ ቤት ያድራሉ።

ልማድ ስጡኝ ብትዪ፣ የጸሎተ አኮቴትን፣ የምስጋናውን ጸሎት፣ አንድ ሐረግ ያዢ፦ «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት»። እስከዚህች ሰዓት አደረሰን ማለት ነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ አላለም፤ ኪራዩ እስኪከፈልም አላለም። ምስጋናሽንም በጅምላ ሳይሆን በችርቻሮ አድርጊው። «ስለ ሁሉም ተመስገን» ብለሽ ከምታልፊ ማታ ከጸሎት በኋላ የዕለቱን አንዷን ነገር በስሟ ጥሪያት። ልጅሽ የሳቀባት ቅጽበት፣ ከሐይቁ የመጣው ነፋስ፣ ጎረቤት ያበደረችሽ ስኳር። ያቺን ጎረቤትሽን ማለቴ ሊሆን ይችላል።

የባልሽ እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከጠፋ ለንስሐ አባታችሁ ንገሪ፤ ሐኪምም ይየው። ጸበሉ ሐኪሙን አይከለክልም።

ነገ ጠዋት ደግሞ ከኪዳን ስትመለሺ ቡናውን ለብቻሽ አታፍዪ። ባልሽን ቀስቅሺውና አቦሉን ቅጂለት። ስለ ጀልባዋ ግን በረካው እስኪደርስ አታንሺበት።