የመዝናኛ ድሮን፦ የማኅበር ካርድ የት ድረስ ያስኬዳል?

አሜሪካ ከሚኖሩ አንባቢዎች ከደረሱን የድሮን ጥያቄዎች አራቱን መልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሞዴል አውሮፕላን ማኅበር አባል ከሆንኩ የኤፍኤኤ (የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር) ምዝገባ ይቀርልኛል? የትኛው ማኅበር ነው የሚታመነው?

መልስ፦ አይቀርልዎትም። ይህ ወሬ ከአሮጌ ሕግ የተረፈ ነው። በ2012 የወጣው ሕግ አንቀጽ 336፣ በአገር አቀፍ ማኅበር ደንብ በሚበሩ ሞዴል አውሮፕላኖች ላይ ኤፍኤኤ አዲስ ደንብ እንዳያወጣ ይከለክል ነበር። ይህን መሠረት አድርጎ ፍርድ ቤት በግንቦት 2017 የመዝናኛ ድሮን ምዝገባን ሻረ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ኮንግረስ መልሶ አጸናው። በ2018 ደግሞ አንቀጽ 336 ራሱ ተሰረዘ። ስለዚህ ዛሬም «አባል ከሆንክ ኤፍኤኤ አይመለከትህም» የሚል ማኅበር ካጋጠመዎ ሕጉን አላነበበም፣ ወይም የአባልነት ክፍያዎን ፈልጓል።

አንጋፋው አካዳሚ ኦፍ ሞዴል ኤሮኖቲክስ (ኤኤምኤ) በ1936 የተመሠረተ፣ ዋና ቢሮው በኢንዲያና መንሲ ከተማ የሚገኝ የግል ማኅበር እንጂ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ኤፍኤኤ እውቅና የሰጣቸው ማኅበራት ሥልጣን ውስን ነው፦ የደኅንነት መመሪያ ያወጣሉ፣ ሪሞት አይዲ (ድሮኑ ማንነቱንና ያለበትን ቦታ በሬዲዮ የሚያሳውቅበት ሥርዓት) የሌለው ድሮን የሚበርባቸው ቋሚ ሜዳዎች እንዲፈቀዱ ያመለክታሉ። መመሪያቸውን ለመከተል አባል መሆን አያስፈልግም። በእነዚያ ሜዳዎች ግን ድሮኑ ብቻ ሳይሆን አብራሪውም ከክልሉ መውጣት የለበትም። ክፍያው የሚያዋጣው ለሜዳው፣ ለአሠልጣኙና ለኢንሹራንሱ ነው፤ የኤኤምኤ የኃላፊነት ዋስትና እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል።

አንድን ማኅበር ሲመዝኑ መጀመሪያ ስሙን ኤፍኤኤ እውቅና ከሰጣቸው ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉ፤ ከዚያ መመሪያውን ያንብቡ። የት ማብረር እንደማይቻል በግልጽ ካልጻፈ ይለፉት። «የመዝናኛ ድሮን ፈቃድ» እሸጣለሁ የሚል ካጋጠመዎ ደግሞ ያጭበረብርዎታል። ምዝገባው በኤፍኤኤ በራሱ ድረ ገጽ 5 ዶላር ነው፤ ሦስት ዓመት ያገለግላል፣ በአንድ ቁጥር ያለዎትን የመዝናኛ ድሮን ሁሉ ይሸፍናል። ቁጥሩን በድሮኑ ውጫዊ አካል ላይ ይለጥፉ። «ትረስት» የተባለው የደኅንነት ፈተና ነጻ ነው። የምስክር ወረቀቱን ወዲያው ያስቀምጡ፤ ፈታኞቹ ቅጂ ስለማይይዙ ከጠፋ እንደገና መፈተን ነው።

ጥያቄ፦ ድሮኔ 249 ግራም ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ መናፈሻ ውስጥ ባበረው ምን አለበት?

መልስ፦ እዚያ አይቻልም። ከዋሽንግተን ዲሲው ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ በ15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማንኛውም ድሮን ክልክል ነው፤ ክብደቱም የማኅበር ካርዱም ለውጥ አያመጣም። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ክልሉ ውስጥ ናቸው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት የተመዘገበ ድሮን ጥርት ባለ አየር፣ ከ400 ጫማ በታች፣ በዓይን እያዩት ማብረር ይቻላል። ክብደቱንም ልብ ይበሉ፦ ትልቁን ባትሪ ወይም የፕሮፔለር መከላከያ ሲገጥሙበት 250 ግራም ሊያልፍ ይችላል፤ ያኔ ለመዝናኛም ቢሆን ምዝገባና ሪሞት አይዲ ግዴታ ይሆናሉ። ለመነሳት እንዳዘጋጁት፣ ሁሉም ነገር እንደተገጠመ፣ በወጥ ቤት ሚዛን ይመዝኑት።

ጥያቄ፦ የጥምቀትን በዓል ለቤተ ክርስቲያናችን በነጻ ልቅረጽ ብዬ ነበር። ገንዘብ ካልተቀበልኩ መዝናኛ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። መለኪያው ክፍያ ሳይሆን የበረራው ዓላማ ነው፤ ለድርጅት የሚሠራ የበጎ ፈቃድ ቀረጻ ከመዝናኛ ውጭ ያለ በረራ በሚመራበት የኤፍኤኤ ደንብ፣ በ«ፓርት 107» ሥር ይወድቃል። የአብራሪነት ፈቃድ ያስፈልግዎታል፦ ዕድሜ ከ16 ዓመት ጀምሮ ሲሆን ፈተናው 60 ጥያቄ፣ ማለፊያው 70 በመቶ፣ ክፍያው 175 ዶላር ነው። በዚህ ደንብ ከ250 ግራም በታች የሆነውም ድሮን ይመዘገባል።

ፈቃዱን ካገኙም በኋላ ዋናው ችግር ሕዝቡ ነው። በሰው አናት ላይ ለማብረር ቀላሉ መንገድ ድሮኑ ከ0.55 ፓውንድ (250 ግራም ገደማ) እንዳይበልጥና ቆዳ የሚቆርጥ የተጋለጠ ፕሮፔለር እንዳይኖረው ይጠይቃል። መከላከያ ሲገጠም ደግሞ ክብደቱ ሊያልፍ ይችላል፤ ብዙዎች የሚያዙት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከምእመኑ ጎን፣ ከባዶ ቦታ በላይ ሆነው በሰያፍ ይቅረጹ። ነፋስ ቢገፋው ወይም ባትሪው ቢከዳው የሚወድቅበት ቦታ ሰው የሌለበት መሆን አለበት። ጥሰት እስከ 75,000 ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ድሮኔን ወደ አዲስ አበባ ይዤ ልሂድ?

መልስ፦ አስቀድሞ ፈቃድ ካልወጣ አይውሰዱት፤ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ይያዛል። ወደ ሌላ አገር ከሆነ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይሄዳል፣ ጫፉ በቴፕ ተሸፍኖ። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ጥያቄ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 የአየር መንገዱን ስምምነት ይፈልጋል። ስሌቱ ቮልት ሲባዛ በአምፔር-ሰዓት ነው፦ ባለ 22.2 ቮልት፣ 5 አምፔር-ሰዓት የእሽቅድምድም ባትሪ 111 ስለሚሆን አስቀድመው ያስፈቅዱ። ሞልተው አያጓጉዙት፤ በየሴሉ 3.8 ቮልት ገደማ ላይ ይተዉት። ያበጠ ባትሪ ከቤትም አይውጣ።