ጉልበት ያለው ግን የሚጠፋ እጅ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም ኤስ) የሚባል የነርቭ ሕመም እንዳለብኝ ከተነገረኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ቀኝ እጄ ጉልበት አለው፤ ሐኪሙ ጣታቸውን ሲያስጨብጡኝ «ደህና ነው» ይሉኛል። ዓይኔን ከመርፌው ካነሳሁ ግን እጄ የት እንዳለ አላውቅም። ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኛል፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ክንዴ ጭራሽ የሌለ ይመስለኛል። ወንድሜ የሚጨመቅ ኳስ ገዝቶልኝ በየቀኑ እጨምቃለሁ፣ ለውጥ የለም። ምን ይሻለኛል? (ልብስ ሰፊዋ)

መልስ፦ ኳሱን ለጊዜው ያስቀምጡት። የጎደለዎት ጉልበት ስላልሆነ በመጭመቅ አይመለስም።

በጡንቻ፣ በጅማትና በመገጣጠሚያ ውስጥ ያሉ ስሜት ተቀባዮች ክንድዎ ምን ያህል እንደታጠፈና ወዴት እንደዞረ ለአንጎል ያለማቋረጥ ይናገራሉ። ይህ ወሬ የሚወጣው በአንገት በኩል፣ በኅብለ ሠረሠር የኋላ ክፍል ባለው መስመር ነው። ኤም ኤስ የዚያን መስመር ሽፋን፣ ማየሊንን፣ ሲያቆስለው ወሬው ይዘገያል ወይም መንገድ ላይ ይቀራል። ጡንቻን የሚያዘው መስመር ሌላ ስለሆነ ጉልበቱ ሊተርፍ ይችላል። ዓይን ባለበት የሚሠራው እጅ ዓይን ሲነሳ የሚጠፋውም ለዚሁ ነው። የነርቭ ሐኪሞች በጀርመናዊው ሐኪም በሄርማን ኦፐንሃይም ስም «የኦፐንሃይም የማይረባ እጅ» ይሉታል። ስያሜው ሰው ያስቀይማል እንጂ በግርሻ ድንገት የመጣ ከሆነ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል።

ስለዚህ መጀመሪያ መቼ እንደጀመረዎት ያስቡ። አዲስ ምልክት ያለ ትኩሳትና ያለ ኢንፌክሽን ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ግርሻ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ሐኪምዎን ያግኙ። ለግርሻ በብዛት የሚታዘዘው ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ መድኃኒት በደም ሥር፣ በቀን 1 ግራም፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ነው። ማገገምን ያፋጥናል፤ ኢንፌክሽን ካለ ግን ሊያባብስ ስለሚችል በእኛ አገር ቲቢ ይኑር አይኑር መጠየቅና መመርመር አይቀርም። በሙቅ ሻወር ወይም በምድጃ ሙቀት ጊዜ ብቻ የሚብስና ሲቀዘቅዙ የሚመለስ ከሆነ አዲስ ቁስል አይደለም፤ የቆሰለ ነርቭ ሙቀት አይወድም።

ቤት ውስጥ እንዲህ ይፈትኑት። ዓይንዎን ይጨፍኑ። ወንድምዎ የአመልካች ጣትዎን ጫፍ *በግራና በቀኝ ጎኑ* ይዞ ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንቀሳቅስ፤ እርስዎ አቅጣጫውን ይናገሩ። ከላይና ከታች ከያዘ ግፊቱ መልሱን ስለሚነግርዎት ፈተናው ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንድ ባለሙያም ጭምር። አሥር ጊዜ ይሞክሩ። በግምት ብቻ አምስቱን ማግኘት ስለሚቻል አምስት ወይም ስድስት ካገኙ ስሜቱ የለም ማለት ነው። ጣት ላይ ከጠፋ በአንጓ፣ ከዚያ በክርን ይሞክሩ።

ልምምዱም ከዚሁ ይነሳል። ስሜቱ ካለበት መገጣጠሚያ ይጀምሩ፤ ዓይን ተጨፍኖ ይመልሳሉ፣ ወዲያው ገልጠው ያያሉ። ይህ «ገልጦ ማየት» ካልተጨመረ አንጎል የሚማርበት ነገር አያገኝም። ከአሥር ስምንት ሲያገኙ እንቅስቃሴው ይነስ። ቀጥሎ ወንድምዎ ቀኝ ክንድዎን አንድ ቦታ ያስቀምጥ፤ እርስዎ በግራዎ ያንኑ አቀማመጥ ይድገሙ። በመጨረሻ በሽንብራ በተሞላ ሳህን ውስጥ ቁልፍ፣ ሳንቲምና የክር ማጠንጠኛ ደብቀው ሳያዩ በመዳሰስ ይለዩ። በአንድ ጊዜ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ፣ ጠዋት ሳይደክሙ ቢጀምሩ ይመረጣል። ድካም ሲመጣ መቆም ነው፤ በዚህ ሕመም «ትንሽ ልግፋ» ብሎ ነገ አልጋ ላይ መዋል የተለመደ ስሕተት ነው።

በእውነቱ ሥራን ራሱን መለማመድ እጅን እንደሚያሠለጥን የሚያሳየው ማስረጃ፣ ስሜቱ ራሱ ይመለሳል ከሚለው ይበልጣል። ስለዚህ ስፌቱን አይተዉት፤ ትልልቅ ቁልፍ ያለው ኮት ይዘው ይጀምሩ፣ መብራቱን መርፌው ላይ ያብሩ፣ የማሽኑን ፍጥነት ይቀንሱ። ካዉያውን ዓይንዎ እዚያው ካልሆነ አይንኩት። ይህ ዓይነት እጅ ሳይታወቀው ስለሚንሸራተት ትኩስ ጀበናም እንደዚያው ነው። አልጋዎ አጠገብ የእጅ ባትሪ አይጥፋ።

ለውጡን በስሜት አይለኩ። ክሊኒክ ውስጥ ዘጠኝ እንጨቶች ዘጠኝ ቀዳዳ ውስጥ ተሰክተው እስኪነቀሉ በሰዓት ይለካል፤ ጤነኛ ጎልማሳ 20 ሰከንድ አካባቢ ይፈጅበታል፣ የ20 በመቶ ለውጥም ከቁም ነገር ይቆጠራል። ቤት ውስጥ የእንቁላል ካርቶንና ዘጠኝ ባቄላ ይበቃል፤ በሳምንት አንዴ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሁለቱንም እጅ ለክተው ደብተር ላይ ይጻፉ። የሚወዳደረው ግን ከራስዎ የቀድሞ ቁጥር ጋር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴም ኤም ኤስ አለበት። ስኒ ሊያነሳ ሲል እጁ ይንቀጠቀጣል። የእጅ አንጓ ክብደት ልግዛለት? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ዓይኑን ከፍቶም ጨፍኖም እኩል የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ወደ ስኒው ሲቃረብም የሚብስ ከሆነ፣ ችግሩ ከአንጎል የኋላ ክፍል ከሴሬቤለም ሊሆን ይችላል። ክብደት በታሰረበት ሰዓት አንዳንዱን ያረጋጋል፤ ሲፈታ ይመለሳል፣ ክንዱንም ያደክማል። ፊዚዮቴራፒስት ሳያዩት አይግዙ። እስከዚያ ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ያስደግፍ፤ ስኒው ከግማሽ በላይ አይሞላ።

ጥያቄ፦ እጅና እግሬ ይደነዝዛል፤ አንገቴን ሳጎነብስ ጀርባዬን ኤሌክትሪክ ይወርደኛል። ኢንተርኔት ላይ «ኤም ኤስ ነው» ይላል። አጽዋማትን ሁሉ እጾማለሁ፣ ከጾም ውጭም ሥጋ ብዙ አልበላም። (ከፒያሳ)

መልስ፦ የኤሌክትሪኩ ስሜት በአንገት ያለው ኅብለ ሠረሠር እንደተነካ ይጠቁማል፤ ማን እንደነካው ግን አይናገርም። የአንገት ዲስክም የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም ያመጡታል፤ ቢ12 ደግሞ የሚጎዳው ከላይ ያነሳነውን የኋላውን መስመር ራሱን ነው። ቢ12 በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በወተትና በዓሣ እንጂ በሽሮና በምስር ውስጥ የለም። ለስኳር ሜትፎርሚን፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ከሆነም ይቀንሳል። ከኤምአርአይ በፊት ወይም አብሮ የደም ምርመራው ይታዘዝልዎ። ሳይመረመሩ ፎሊክ አሲድ ብቻ አይውሰዱ፦ የደም ማነሱን አሻሽሎ የነርቩን ጉዳት ይደብቃል። እግርዎ በቀናት ውስጥ ከከዳዎት ወይም ሽንት አልወጣ ካለ ግን የደም ውጤት አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።