ቤተ ክርስቲያናችሁን ፍርድ ቤት ከማቆማችሁ በፊት

ወገኖቼ፣ ስለ ቪዛ፣ ስለ ሥራ ፈቃድና ስለ ክሬዲት የሚመክራችሁ ሰው ሞልቷል። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ሌላ ነገር ነው። የምትኖሩበት አገር ሕግ ቤተ ክርስቲያናችሁን፣ መስጊዳችሁን፣ ጸሎት ቤታችሁን በምን ዓይን እንደሚያይ ብዙዎቻችሁ አታውቁም። አገር ቤት የለመዳችሁት እዚህም የሚሠራ ይመስላችኋል። አይሠራም። ዋሽንግተን አካባቢ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ይህን ባለማወቅ የተበተነ ሕዝብ አይቻለሁ። ንግግሬ ከከረረባችሁ ከዚያ የመጣ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

1. ጋብቻ

አሜሪካ ውስጥ ተክሊል ወይም ኒካህ ብቻውን አይበቃም። መጀመሪያ የጋብቻ ፈቃድ ከመንግሥት ታወጣላችሁ። ካህኑ፣ ኢማሙ ወይም ፓስተሩ ካጋቡ በኋላ ወረቀቱ ላይ ፈርመው ይመልሳሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ አጋቢው ራሱ አስቀድሞ ከፍርድ ቤት ፈቃድ ማግኘት አለበት። አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

እስራኤል ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ሁለት አይሁዳውያን በአገሩ ውስጥ የሚጋቡት በረቢዎቹ በኩል ነው። የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ይህ ምን ያህል እንደሚያም ያውቁታል። ከአገሩ ሁለት ዋና ረቢዎች አንዱ የነበሩት ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድ ናቸው ብለው ወሰኑ፤ በ1975 መንግሥት፣ አይሁዳዊ ገብቶ ዜጋ እንዲሆን የሚፈቅደው የመመለስ ሕግ ይመለከታቸዋል አለ። ሰዎቹ በ1980ዎቹ ሲገቡ ግን ዋናው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ ለጥንቃቄ ነው ብሎ፣ ከመጋባታቸው በፊት፣ አዲስ ወደ ይሁዲነት እንደሚገባ ሰው፣ ውኃ ውስጥ እንዲነከሩ ጠየቃቸው። በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ በጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀመጡ። በረሃ አቋርጠው፣ ሱዳን ውስጥ ዘመድ ቀብረው የመጡ ሰዎች ናቸው። አገር ቤት ትዳር ሲያስሩ የኖሩት ቄሶቻቸውም በአዲሱ አገር ሕግ ይህ ሥልጣን አልተሰጣቸውም።

2. ጀርመን የምትገቡ

አድራሻ ስታስመዘግቡ ሃይማኖታችሁን የሚጠይቅ መስመር አለ። አንዱ ጴንጤ ወንድማችን ፕሮቴስታንት ነኝ ለማለት «ኤቫንጌሊሽ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ የመጀመሪያ ደመወዙን ሲቀበል የቤተ ክርስቲያን ግብር ተቆርጦ ያገኘዋል። ይህ ግብር ከገቢ ግብሩ ላይ የሚሰላ ነው፤ በባየርንና በባደን ቩርተምበርግ 8 በመቶ፣ በሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች 9 በመቶ። ገንዘቡ የሚሄደው ለጀርመኑ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሁድ ለሚዘምርበት የሐበሻ ኅብረት አይደለም። መስጠት ከፈለገ ይስጥ። ግን አውቆ ይስጥ። መውጣትም ይቻላል፤ ቢሮ ሄዶ ማስመዝገብ ነው።

3. ዓረብ አገር ላላችሁ

ኤምሬትስና ኩዌት መንግሥት በሰጠው ቦታ ላይ የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። እዚያ ሄዳችሁ ጸልዩ። ሳውዲ ግን ሌላ ነው። በ2011 መጨረሻ ጂዳ ውስጥ ሰው ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ተይዘው ወራት ታስረዋል። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። እህቶቼ፣ የጸሎት ፕሮግራማችሁን ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። የሚያስፈርድባችሁ እሱ ነው።

4. አሜሪካ፣ ዳኛው የማይሰማው ጠብ

እዚህ ላይ ልቆይ ነው።

አገር ቤት መንግሥት ሃይማኖትን ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በስሟ ሰውነት ሰጥቷታል። ሌሎቹም ይመዘገባሉ፤ ጠብ ሲነሳ የሚጠራ መሥሪያ ቤት አለ። አሜሪካ ይህ የለም። የሃይማኖት ሚኒስቴር የለም። ጳጳሱ እውነተኛ ጳጳስ ይሁኑ አይሁኑ የሚጠይቅ የለም። ቤተ ክርስቲያን ከግብር ነፃ ለመሆን ማመልከት እንኳ አይጠበቅባትም። የክፍለ ግዛቱ መንግሥት የሚያውቀው አንድ ድርጅት ነው፤ ስም፣ አድራሻ፣ የቦርድ አባላት ዝርዝርና አንድ የምሥረታ ሰነድ። ታቦቱን አያውቅም። ቅዳሴውን አያውቅም።

ይህ ነፃነት ነው፤ እኔም እግዚአብሔርን የማመሰግንበት ነው። የኛ ሰው ግን አልገባውም። ቅር ሲለው ሮጦ ጠበቃ ይይዛል። ዳኛው ፊት ቆሞ፣ እኚህ ቄስ ቀኖና ጥሰዋል፣ ያኛው ወገን ከሲኖዶሱ ወጥቷል፣ እኛ ነን ትክክለኛዎቹ ይላል። ዳኛው ይህን መስማት አይችልም። ከ1872 ጀምሮ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቋም ይኸው ነው። ያኔ ኬንታኪ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን በባርነት ጉዳይ ለሁለት ተከፍላ ነበር። ዳኞቹ የእምነት ክርክር አንዳኝም፤ የበላይ አካል ያላት ቤተ ክርስቲያን ከሆነች የበላዩ የወሰነውን እንቀበላለን አሉ።

የኛን የሚመስለው የሰርቢያ ኦርቶዶክሶች ታሪክ ነው። አሜሪካ የነበሩት ጳጳስ ዲዮኒሲዬ በ1963 በቤልግሬድ ሲኖዶስ ታገዱ፤ በኋላም ክህነታቸው ተገፈፈ። እሳቸው አልቀበልም ብለው ሀገረ ስብከቱን ራሱን የቻለ ነው አሉ። ክርክሩ እስከ 1976 ዘለቀ። የኢሊኖይ ፍርድ ቤት፣ ሲኖዶሱ የራሱን ሥርዓት ሳይከተል ነው ያገዳቸው ብሎ ፈርዶላቸው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። ሲኖዶስ ሥርዓቱን ጠብቋል አልጠበቀም ብሎ መመርመር የመንግሥት ዳኛ ሥራ አይደለም አለ። አሥራ ሦስት ዓመት የጠበቃ ክፍያ አስቡት።

በ1979 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሌላ መንገድ ከፈተ። ዳኛ የሃይማኖቱን ነገር ትቶ ወረቀቱን ብቻ አይቶ መወሰን ይችላል ተባለ። የንብረቱ ባለቤትነት ሰነድ በማን ስም ነው? የምሥረታ ሰነዱና ደንቡ ምን ይላሉ? በብዙ ክፍለ ግዛቶች ዛሬ የሚሠራው ይህ ነው። በ2012 ቄስ ማን ይሁን፣ ማን ይሰናበት የሚለው የቤተ ክርስቲያኗ የራሷ ጉዳይ ነው ሲባል ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተዋል።

እንግዲህ አስተውሉ። እናንተ የምትጣሉበትን ዳኛው አይሰማም። ዳኛው የሚሰማውን እናንተ ንቃችሁታል። ደንቡን ማን አነበበው? አብዛኛው ደንብ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን ተቀድቶ ስሙ ብቻ የተቀየረ ነው። አንቀጽ ሦስት ላይ «ለቅዱስ ሲኖዶስ ትገዛለች» ይላል፤ ሕዝቡ ግን ገለልተኛ ነን ብሎ ሃያ ዓመት ኖሯል። ለየትኛው ሲኖዶስ? ደንቡ ሲጻፍ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ነበር። በ2018 አባቶቻችን ዋሽንግተን ላይ ታርቀው አቡነ መርቆሬዎስ አገራቸው ገቡ። እኛ ለቅሶና እልልታ ደባልቀን ተቀበልን፤ ደንባችንን ግን አልነካነውም። የአባላት ዝርዝር አምጡ ሲባል ከተማ የቀየሩ፣ የሞቱ ሰዎች ስም ያለበት ፋይል ከአንድ ሰው ላፕቶፕ ይወጣል። የቦርዱ የሥራ ዘመን ካለቀ ዓመታት አልፈዋል። ሕንፃው በሦስት ሰው ስም ነው፤ አንዱ አኩርፎ ወጥቷል።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ፍርድ ቤቱ ለአንዱ ወገን ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ፤ ቁልፉ በቅዳሜ ተቀየረ። እሁድ ጠዋት ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ነበሩ። ለቁርባን ጾመው የተዘጋጁ እናት፣ ልጄ ለዚህ ሰው ንገረው፣ እኔ ከማንም ወገን አይደለሁም፣ ላስቀድስ ነው የመጣሁት በለው ይላሉ። ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። የእናቱን ቃል ለፖሊሱ በእንግሊዝኛ እየተረጎመ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህሩና የቦርዱ ሰብሳቢ እየተሰዳደቡ ነበር። ሰብሳቢው ለዚያ ልጅ የክርስትና አባቱ ነው።

የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሕንፃ ይተካል። ገንዘቡም፣ ሌሊት ፓርኪንግ የሚጠብቅ ወንድም፣ አዛውንት የምታጥብ እህት ለስእለት ያስገቡት ገንዘብ፣ ለሁለት ጠበቃ ቢሄድም እንደምንም ይተካል። ልጆቹ ግን አልተመለሱም። ያን ጊዜ ከበሮ ይመቱ የነበሩ ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስትሏቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት፣ የቱ ወገን ጋር ነው? ብለው ነው። አማርኛ አልቻሉም፣ ባህላቸውን ረሱ እያላችሁ አትውቀሱብኝ። ፊደሉን ያስቆጠራቸውን ቤት ነው የዘጋችሁባቸው።

መስጊድ ያላችሁም፣ ጸሎት ቤት ያላችሁም፣ ኦርቶዶክሶቹን ነው የሚለው አትበሉ። ወቅፉ፣ ለመስጊዱ የተበረከተው ንብረት፣ በሕግ በማን ስም እንደተያዘ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ፓስተሩ ራሱ ባለቤትም ሰብሳቢም ገንዘብ ያዥም የሆነበት ጸሎት ቤት ስንት ነው?

5. ምን ይደረግ

ሕንፃውን በድርጅቱ ስም አድርጉ። አባል ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚመርጥ በግልጽ ጻፉ፤ ዝርዝሩን በየዓመቱ አድሱ። ለየትኛው የበላይ አካል እንደምትገዙ ወይም እንደማትገዙ ወስኑ፤ አሻሚ አትተዉት። የቦርድ ሥራ ዘመን ሲያልቅ ምርጫ አድርጉ። ለክፍለ ግዛቱ የሚላከውን ሪፖርት በጊዜው ላኩ፤ አለዚያ ድርጅቱ ከመዝገብ ይሰረዛል።

ሽምግልናችንንም ደንቡ ውስጥ አስገቡት። በቃል የተደረገ ሽምግልና እዚህ አገር ዳኛ ፊት ዋጋ የለውም። ጠብ ሲነሳ በእነዚህ ሽማግሌዎች እንዳኛለን፣ ውሳኔያቸውም ይጸናል ተብሎ ተጽፎ ከተፈረመ ግን የአሜሪካ ፍርድ ቤት ብዙውን ጊዜ ያስፈጽመዋል። ኒው ዮርክ ያሉ አይሁዶች በረቢዎቻቸው ችሎት ሲዳኙ የኖሩት እንዲህ ባለ ስምምነት ነው። እኛ ሽማግሌ አጥተን አይደለም። ሦስት አዛውንት፣ አንድ የሕግ ባለሙያና እዚህ ያደገ አንድ ወጣት መርጣችሁ ስማቸውን አጽድቁ፤ እርስ በርስ ሳትኮራረፉ፣ ዘንድሮ።

ከመጪው ጠቅላላ ጉባኤ በፊት የደንቡን ቅጂ ጠይቁ። ጸሐፊው የለኝም ካለ ቢያንስ የተመዘገበውን የምሥረታ ሰነድ ከክፍለ ግዛቱ መዝገብ አውጡ፤ ማንም ሰው ማውጣት ይችላል። በአማርኛ አስተርጉሙትና ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጠዲቅ ላይ አንብቡት፤ ልጆቹም ባሉበት።