«ልቤ ነገረኝ» ስንል የተናገረው ማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ እሠራለሁ። ሰሞኑን ሱፐርቫይዘር እንድሆን ተጠይቄ መልስ የምሰጥበት አንድ ሳምንት ተሰጥቶኛል። ልቤ ግን «አትችይውም፣ እምቢ በይ» ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «ሐይቅ ዳር ብቻሽን ተቀምጠሽ ሐሳብሽን ተመልከቺ፣ የውስጥሽን ድምፅ ስሚ» አለችኝ። እንዲህ ማድረግ በቤተ ክርስቲያናችን ይፈቀዳል? ለራሴ ዋጋ መስጠትስ ትዕቢት አይሆንብኝም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሌላው በእርሱ ላይ የቆመ ነውና። ኦሪት ዘኍልቍ 12፥3 ሙሴ በምድር ላይ ካሉ ሰዎች ሁሉ ይልቅ ትሑት እንደ ነበር ይናገራል። ይኸው ትሑት ሰው በፈርዖን ፊት ቆሞ «ሕዝቡን ልቀቅ» ብሏል። ከዚያ በፊት ግን እግዚአብሔር ሲልከው «አንደበቴ አይፈታም፣ ሌላ ሰው ላክ» እያለ ስላንገራገረ፣ በዘጸአት 4፥14 ቁጣ መጣበት። ድካሙን መናገሩ አላስቆጣም፤ «ከአፍህ ጋር እሆናለሁ» ከተባለ በኋላም «ሌላ ሰው ላክ» ማለቱ ነው። ድካምን ማወቅ ትሕትና ነው። በድካም አሳብቦ ከተሰጠው ሥራ መሸሽ ግን ፍርሃት ነው፣ የትሕትና ነጠላ ቢያጣፋም።

ዋጋሽን በቀን ታርጌትሽ አትለኪው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ፣ ወንድ በ40 ቀኑ ሲጠመቅ፣ አንድም ሥራ ሳይሠራ ነው የልጅነት ጸጋ የሚያገኘው። እንዲህ የተሰጠ ክብር አለቃ ቢያመሰግን አይጨምርም፣ ቢሳደብም አይቀንስም። ትዕቢት የሚገባው «እኔ ከእርሷ እበልጣለሁ» ማለት ስትጀምሪ ነው።

ሐሳብን መመልከት ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። አባቶቻችን ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ይላሉ፤ የምታስተውል፣ የምትናገር፣ የማትሞት። ኃጢአት በሐልዮ (በሐሳብ)፣ በነቢብ (በንግግር)፣ በገቢር (በድርጊት) ይፈጸማል ሲሉም የመጀመሪያው በር ሐሳብ መሆኑን እየነገሩን ነው፤ በር ደግሞ ይጠበቃል። ሐይቅ ዳር መቀመጥሽ ምንም ነውር የለበትም (ጠዋት ላይ ቢሆን ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ይበዛል)። የምጠነቀቅልሽ ከአንድ ነገር ነው። አንዳንድ ሥልጠና «አእምሮሽን ባዶ አድርጊ» ይላል። ማቴዎስ 12፥44 ላይ ርኩሱ መንፈስ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን ያገኘው ባዶ ሆኖ፣ ተጠርጎ፣ አጊጦ ነው፤ ሌሎች ሰባት ይዞ ገባበት። የእኛ ጽሞና የእግዚአብሔር ስም የሚጠራበት ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። «ልቤ ነገረኝ»፣ «ሆዴን ባር ባር አለው» የምንለው ስሜት ብዙ ጊዜ የተጠራቀመ ልምድ ነው። ስፌት ላይ የቆየች ሴት መርፌው ሊሰበር ሲል ከማሽኑ ድምፅ ታውቀዋለች፤ እንዴት እንዳወቀች ብትጠየቅ ላታስረዳ ትችላለች። ይህ ዕውቀት ግን የሚያገለግለው በለመዱት ሥራ ነው። ሱፐርቫይዘርነትን ቀምሰሽው አታውቂም። ታዲያ «አትችይውም» የሚለው ድምፅ ዕውቀቱን ከየት አመጣው?

ነቢያት እንኳ በልባቸው ግምት ስተዋል። ሳሙኤል የዳዊትን ታላቅ ወንድም ኤልያብን እንዳየ፣ ንጉሥ ሆኖ የሚቀባው እርሱ መስሎት ነበር (1ኛ ሳሙ. 16፥6)። ናታን ለእግዚአብሔር ቤት መሥራት የፈለገውን ዳዊትን «በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ» ብሎ ካሰናበተ በኋላ፣ በዚያው ሌሊት ከእግዚአብሔር ሌላ ቃል መጣለት (2ኛ ሳሙ. 7፥3-5)። እኔን የሚገርመኝ ናታን ተመልሶ ሄዶ መናገሩ ነው፤ «ልቤ ነግሮኛል» ብሎ ሙጭጭ አላለም።

ስለዚህ ለ6 ቀን እንዲህ አድርጊ። ከሠርክ ጸሎት በኋላ፣ ፈረቃሽ ካልፈቀደም ከእንቅልፍ ስትነሺ፣ 15 ደቂቃ ለዪ። ስልክሽን አጥፊ። አማትበሽ አቡነ ዘበሰማያትን ከነበሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ድገሚ። ከዚያ መቁጠሪያ ይዘሽ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ በዝግታ በይ። ሐሳብ ሲመጣ አትከራከሪው፤ በስሙ ብቻ ጥሪው፦ «ይሄ ፍርሃት ነው»፣ «ይሄ የትናንቱ ስድብ ነው»፣ «ይሄ መመስገን መፈለግ ነው»። ወደ ጸሎቱ ተመለሺ። ሃያ ጊዜ ብትወጪ ሃያ ጊዜ መመለስ ነው ሥራው፤ ሐሳቤ ተበተነ ብለሽ አትቁረጪው።

በቀረሽ ደቂቃ ደብተር ላይ ሦስት ነገር ጻፊ፦ ድምፁ ያለውን ቃል በቃል፣ ከመምጣቱ በፊት የሆነውን፣ ምን ሊያስደርግሽ እንደሚፈልግ። ኃጢአትሽን ግን እዚያ አትጻፊ። እርሱ ለንስሐ አባትሽ የሚነገር ነው፤ ደብተር ደግሞ ሰው እጅ ይገባል፣ በተለይ በኪራይ ክፍል አብሮ ለሚኖር ሰው። ጥቂት ቀን ሲሞላ ገጾቹን አገላብጪ፤ ያው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር እየተመላለሰ ታገኚ ይሆናል። በማን አነጋገር እንደሚናገርም አዳምጪ። ብዙ ጊዜ የራሳችን የመሰለን ድምፅ ልጅ ሳለን የሰማነው የአንድ ሰው ቃል ነው።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተሽ፣ ሳትበዪና ሳትተኚ የመጣውን ሐሳብ አትመዝኚ። ኤልያስ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም፤ «ተነሥተህ ብላ» አለው፣ ሁለት ጊዜ (1ኛ ነገ. 19፥5-7)። ትንሹን የዝምታ ድምፅ የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። የጾም ቀን ከሆነ የጾሙ ሰዓት ደርሶ ከበላሽ በኋላ አስቢበት። ሌላው፣ መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ዕጣ ገልጦ ጣት ያረፈበትን ቃል «መልሴ ነው» ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የፈለገው እስኪወጣ ድረስ መግለጡን አይተውም። ሦስተኛው፣ ቀኑን ሙሉ ራስን መመርመር፤ እርሱ ማስተዋል መሆኑ ቀርቶ መብሰልሰል ይሆናል። 15 ደቂቃው ሲያልቅ ዝጊው። ስግደትም ከንስሐ አባትሽ ሳትማከሪ አትጨምሪ። እንቅልፍ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋር ሂጂ፤ ጠበልና ሕክምና አይጣሉም፣ ጠበል ገባሁ ብሎ መድኃኒት ማቆም ግን አደጋ ነው።

መለያው ይህ ነው። ፍርሃት ያጣድፋል፤ «ምንም አትችይም» እያለ ሁሉን ይጠቀልላል፤ ለሰው ስትነግሪው ያፍራል። ከእግዚአብሔር የሆነ ማስጠንቀቂያ አንድ የተወሰነ ነገር ይነካል፣ ከትእዛዙ አይጋጭም፣ ጠግበሽና ተኝተሽ ስትነሺም በቦታው አለ። አንድ ሌሊት አይበቃም፤ ሦስት ሌሊት አሳድሪው።

እስከዚያው ስለ ሥራው በቁጥር ጠይቂ። በሥርሽ የሚሆኑት ስንት ሠራተኞች ናቸው? የቀን ሪፖርቱን ማን ያስተምርሻል? ስሕተት ቢገኝ ተጠያቂው ማን ነው? እሑድ ቅዳሴ ያስቀርሻል? በስድስተኛው ቀን መልሶቹንና ደብተሩን ይዘሽ የንስሐ አባትሽ ጋር ሂጂ። እሑድን የሚወስድ ወይም የሠራተኛን ሰዓት አጉድለሽ እንድትመዘግቢ የሚያስገድድ ሥራ ከሆነ፣ «እምቢ» ማለትሽ ምክንያት አለው። ደብተሩ ላይ የቀረው «አትችይውም» ብቻ ከሆነ ግን እሺ በይና፣ የመጀመሪያውን ወር ከነባሩ ሱፐርቫይዘር ጋር እንድትሠሪ ጠይቂያቸው።