«ልጄ ብላ»፦ ሥርዓተ ነጥብን ለልጆች ስለ ማስተማር

ጥያቄ፦ በአራት ኪሎ አካባቢ የሦስተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ የሥርዓተ ነጥቦችን ስም በቃላቸው ይወጡታል፤ ድርሰት ሲጽፉ ግን በገጹ መጨረሻ አንድ አራት ነጥብ ብቻ ያስቀምጣሉ። ምን ላድርግ? ሁለት ነጥብንስ ዛሬም ላስተምራቸው?

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ልጆቹ የተማሩት የምልክቶቹን ስም እንጂ ሥራቸውን አይደለም። አንድ ልጅ «ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን ታጥቤ ቁርሴን በልቼ ቦርሳዬን ይዤ» እያለ ገጹን ቢሞላው ከስንፍና ሊቆጠርበት አይገባም፤ አማርኛ በቦዝ አንቀጽ (እንደ «ተነሥቼ» ባለ ነገሩን በማይጨርስ ግሥ) ድርጊትን ከድርጊት እያያያዘ ሩቅ የሚሄድ ቋንቋ በመሆኑ፣ ልጁ እንደሚናገረው መጻፉ ነው። ስለዚህ ከአራት ነጥብ በፊት ማሰሪያ አንቀጽን (ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግሥ) እንዲፈልጉ ያድርጓቸው። «ተነሥቼ» ያለ ልጅ ሰሚውን «ከዚያስ?» ያሰኘዋል፤ «ተነሣሁ» ሲል ግን ነገሩ ታስሯል፤ አራት ነጥቡም ቦታው እዚያ ነው። በየቦዝ አንቀጹ ነጠላ ሰረዝ እንዲደረድሩ ግን ባያስገድዷቸው እመርጣለሁ፤ ባለቤቱ ሲለወጥ ወይም ሐረጉ ሲረዝም ቢጠቀሙበት ይበቃቸዋል።

ነጠላ ሰረዝን ትርጉም ሲለውጥ ያሳዩአቸው። ሰሌዳው ላይ «ልጄ ብላ» ብለው ይጻፉ። ምሳ የቀረበለት ልጅ ነው ካሉ «ልጄ፣ ብላ።» ይሆናል፤ እናት ልጇን መጥራቷ ነው ካሉ ግን ትእምርተ ጥቅስ ገብቶ፦ «ልጄ» ብላ ጠራችው። «ትናንት የመጣው ልጅ ታመመ» የሚለውንም ያስነብቧቸው፤ ትናንት የሆነው መምጣቱ ነው ወይስ መታመሙ? መታመሙ ከሆነ፣ አንባቢው «ትናንት» ብሎ ቆም ይላል፤ ነጠላ ሰረዙም እዚያው ይገባል። የአብነት ትምህርት ቤት መምህራን ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ በሚባሉት የአነባበብ ስልቶች ንባብን በጆሮ ያስለምዳሉ፤ በዘመናዊው ክፍል ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ እየቀነሰ መሄዱ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ሁለት ነጥብን ይወቁት እንጂ በየቃሉ መካከል እንዲጽፉት አይገደዱ፤ ዛሬ ክፍት ቦታ ተክቶታል። ቢቻልዎ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ገብተው በ1920ዎቹ ከታተመ ጋዜጣ አንድ ገጽ ያሳዩአቸው። ቃላቱ በሁለት ነጥብ ተለያይተው ሲያዩ፣ ሁለቱ «ሁለት ነጥብ» ጎን ለጎን ሲቆሙ አራት ነጥብ እንደሚሆኑ ራሳቸው ይደርሱበታል።