ኒው ዮርክ ከቦስተን 15 ኪሎ ሜትር ስትርቅ

ጥያቄ፦ ስለ እንግሊዝ ገጠር የሚያወሳ ጽሑፍ ስተረጉም «የኒው ዮርክ መንደር ከቦስተን 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል» ብዬ ጻፍኩ። አራሚው «ስሕተት» ብሎ ሰረዘው። እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ ርቀቱ ልክ ነው፤ አራሚውን ያሳሳተው አጻጻፉ ነው። የአሜሪካዎቹ ኒው ዮርክና ቦስተን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። የእርስዎዎቹ ግን በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በሊንከንሽር አውራጃ ያሉ ናቸው። የአሜሪካዋ ቦስተን እ.ኤ.አ. በ1630 ስሟን ያገኘችውም ከዚችው ከሊንከንሽሯ ነው።

ጣጣው ያለው «የ» ላይ ነው። «የጣና ሐይቅ» ስንል ጣና ሐይቅ መሆኑን ሰሚው አስቀድሞ ያውቃል። «የኒው ዮርክ መንደር» ሲባል ግን በትልቁ ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ይመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ስትነሣ «ኒው ዮርክ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር» ብለው ያስተዋውቋት፤ ከዚያ በኋላ «የሊንከንሽሯ ኒው ዮርክ» ይበቃል። «የእንግሊዟ» ብቻ ካሉ አሁንም ይምታታል፤ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኖርዝ ሺልድስ አጠገብ ሌላ ኒው ዮርክ አለችና። አዳማን ዛሬም ናዝሬት የሚል ሰው ስላለ «የእስራኤሏ ናዝሬት» ብለን የምንለየው በዚሁ መንገድ ነው።

አመልካቹ «ዋ» የሚቀጠለው በቦታው ስም ላይ ሳይሆን በገላጩ ላይ ነው። የተሳቢው «ን»ም እዚያው ይገባል፦ «የሊንከንሽሯን ኒው ዮርክ ጎበኙ»። መስተዋድድ ሲመጣ ደግሞ «የ» ይወድቃል፦ «ከሊንከንሽሯ ኒው ዮርክ»። ብዙ ትርጉም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «ከየሊንከንሽሯ» ብለው ከጻፉ እንደ «ከየቤቱ» ሁሉን የማዳረስ ትርጉም ያመጣል።

«መንደር» በወንድም በሴትም ይነገራል። ትንሽነቷን ለማሳየት ግን ሴቴው ይሻላል፤ አንዴ «የምትባል» ካሉ ደግሞ ማሠሪያው «ይርቃል» ሊሆን አይችልም። አንዳንዶች እንዲህ ላለችው «ጎጥ» ይላሉ፤ እኔ አልመክርም፤ የኛን የቀበሌ አደረጃጀት እንግሊዝ አገር ይወስድብናል።

የአውራጃውንም ስም «ሊንኮልንሻየር» አይበሉት፤ ሁለተኛው «ል» አይነበብም፣ መጨረሻውም አጭር ነው።

እንግዲህ እንዲህ ይጻፉት፦ «በሊንከንሽር ኒው ዮርክ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አለች፤ እዚያው አውራጃ ውስጥ ካለችው ከቦስተን ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።»