እናቴ አልመጣም አለች፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ብቻዋን ትኖራለች። አባቴ ካረፈ ወዲህ እኛ ጋ ነይ ብላት «ዕድሬንና ደብሬን ጥዬ የትም አልሄድም» ትላለች። በቅርቡ ወድቃ እጇ ተጎዳ። ወንድሜ ደግሞ ቤቱን ሸጠን በግድም ቢሆን እናምጣት ባይ ነው። እስቲ እንዲህ ያለውን ነገር ያሳየ ፊልም ጠቁሙኝ፤ ምክርም ካላችሁ ጨምሩበት። (ልጇ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ዴቪድ ሊንች እ.ኤ.አ. በ1999 የሠራውን «ዘ ስትሬት ስቶሪ» እዪው። ታሪኩ እውነተኛ ነው። አልቪን ስትሬት የሚባሉ የ73 ዓመት የአዮዋ ሰው ወንድማቸው ስትሮክ መታው ሲባሉ፣ ዓይናቸው ደክሞ መንጃ ፈቃድ ስላልነበራቸው፣ በ1994 ሣር ማጨጃ ትራክተር ላይ ተቀምጠው፣ ተጎታች አስረው፣ 240 ማይል ያህል ተጉዘው ዊስኮንሲን ገቡ። ሳምንታት ፈጅቶባቸዋል።

ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ሽማግሌው ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቀው መነሣት አቅቷቸዋል። ያንቺም ጭንቀት ይኸው ነው። ሐኪሙ ዎከር (ተደግፈው የሚራመዱበት የብረት መደገፊያ) ይያዙ ሲላቸው አሻፈረኝ ይሉና ሁለተኛ ከዘራ ይጨምራሉ። እርዳታ ጠልተው አይደለም፤ መራጩ ራሳቸው መሆን ስላለባቸው ነው። ትራክተሩ ሲበላሽ አንድ ደግ ሰው በመኪና ላድርስዎ ቢላቸው አመስግነው እምቢ ይላሉ። ስልክ ሲያስፈልጋቸው እንኳ ቤት ሳይገቡ ውጭ ሆነው ይደውሉና ሒሳቡን አስቀምጠው ይሄዳሉ።

እኔ ግን አንቺን በይበልጥ እንድታዪ የምፈልገው ልጃቸውን ሮዝን ነው። ትፈራለች፣ ሆዷ ይባባል፣ ግን አትከለክላቸውም።

ስለዚህ የወንድምሽን ሐሳብ አልደግፍም። ቤቷን መሸጥ የምትወጣ የምትገባበትን ሰፈር መንጠቅ ነው። ይልቅ ምን ቢደረግልሽ ይቀልሻል ብለሽ ራሷን ጠይቂያት፦ አብሯት የሚያድር ሰው ነው፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚያዝ ብረት ነው፣ ቁልፍ የሚያዝ ጎረቤት ነው? የመረጠችውን አድርጊላት።

ዋናው ተዋናይ ሪቻርድ ፋርንስዎርዝ ካንሰር እያሠቃያቸው ነው የሠሩት፤ በ79 ዓመታቸው ለኦስካር ታጭተዋል። ስለዚህ ሲራመዱ የምታዪው ሕመም ትወና ብቻ አይደለም።

የሚያሳፍር ነገር የለውምና አገር ቤት ስትሄጂ አብራችሁ እዩት፤ እየተረጎምሽላት። ቤቴን አልሸጥም ስላለች የብራዚል ሴት የሚያወራውን እ.ኤ.አ. የ2016ቱን ፊልም «አኳሪየስ» ግን ለብቻሽ እዪው፤ ከእናት ጋር የማይታዩ ትዕይንቶች አሉት። ወንድምሽም ቢያየው ደስ ይለኛል።